ድሬ ላይ የሚያድግ ልጅ፣ ሙዚቃና የመጀመሪያ ፍቅር፦ ልቦለድ ከሚጽፉ ወጣቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ልቦለድ የሚጽፉ ብዙ ወጣቶች አሉ። አብዛኞቹ ስልካቸው ላይ ነው የሚጽፉት። ረቂቃቸውን ሲልኩልኝ አንድ ታሪክ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። ሙዚቃ ልቡን የወሰደው ልጅ አለ፤ ወይም ዘፋኝ መሆን የምትፈልግ ልጅ አለች። ይህ ሰው ደግሞ ስለ ገላውና ስለ ፍላጎቱ ገና እያወቀ ነው። እኔ ይህን ርዕስ እወደዋለሁ። በአማርኛ በቅጡ የተጻፈበትም አይመስለኝም። ከረቂቆቹ ጋር የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ሙዚቃውና ፍቅሩ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ሆኑብኝ። እንዴት ላገናኛቸው?

ብዙ ረቂቅ የሚታመመው እዚህ ላይ ነው። ምዕራፍ አንድ ላይ ልጁ ጊታር ይማራል። ምዕራፍ ሁለት ላይ ልጅቷን ያያታል። ከዚያ በኋላ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ደራሲው የሚያስታውሰው መድረክ ሲያስፈልገው ብቻ ነው። ጊታሩን አውጥታችሁ በምትኩ ኳስ ብታስገቡ ታሪኩ ምንም ካልጎደለበት፣ ሙዚቃው ጌጥ ነበር ማለት ነው።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። በዚህ ዓይነት ልቦለድ ውስጥ ባለታሪኩ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ነገር አስቀድሞ የሚያውቀው በጆሮው ነው። አፉ ገና አልደረሰበትም። እኛ ጋ ልጅ ስለ ፍላጎቱ ከአባቱ ጋር አያወራም። ከእናቱም ጋር አያወራም። ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ጉራ ይቀላቅልበታል። ዘፈን ግን ቤተሰብ ሁሉ በተቀመጠበት ይከፈታል። «ናፈቅሽኝ»፣ «ገላሽ»፣ «ከንፈርሽ» የሚሉ ቃላት እናት ቡና እያፈላች፣ አባት ጋዜጣ እያነበበ በሬዲዮ ይነገራሉ። ማንም አያፍርም። አንድ ቀን ግን ልጁ ያንኑ የለመደውን ዘፈን ሲሰማ ቀና ብሎ እናቱን ማየት ያቅተዋል። ዘፈኑ አልተለወጠም። የተለወጠው እሱ ነው። ልቦለዳችሁ የሚጀምረው ከዚህ ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ረቂቃችሁን እንዲህ ፈትሹት። ባለታሪኩ ስለ ራሱ አዲስ ነገር ያወቀባቸውን ቦታዎች ለዩ። በዚያ ሰዓት ምን ይሰማ ነበር? ድምፁ ከየት ነበር የሚመጣው? ማን ከፈተው? መልስ ከሌላችሁ ያ ቦታ ገና አልተጻፈም።

አንድ ምሳሌ። ሃያ ዓመት ያለፈው የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች አለ እንበል። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ዘፋኟ ድምጿ ይደክማል። በዓይኗ ዝቅ አድርግልኝ ትለዋለች። የዜማውን ከፍታ ዝቅ ያደርግላታል። ከዚያ በኋላ የሚጫወተው ትንፋሿን እየጠበቀ ነው። የቱ ጋ እንደምትተነፍስ፣ የትኛው ስንኝ ላይ እንደሚያጥራት፣ መቼ አንገቷን ቀና እንደምታደርግ ያውቃል። ሲያጥራት ይሞላላታል። ጠዋት እቃውን ባጃጅ ላይ ሲጭን እጁ አልረጋ ይለዋል። አላወራትም፣ አልነካትም። ግን የሰው ትንፋሽ ይዞ አድሯል። እዚህ ጋ «ወደዳት» ብላችሁ ብትጽፉ ታበላሹታላችሁ።

ለድሬዳዋ ታሪክ የትኛው ሙዚቃ ነው የሚሆነው?

ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሀዲዱ ወደሷ መውጣት አልሆነለትም። ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ኦሮሞውና ሶማሌው በኖረበት ሜዳ ላይ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ ከነዘፈኑ መጣ። ስለዚህ ድሬ ላይ የሚያድግ ልጅ አንድ ሙዚቃ ብቻ ሰምቶ ሊያድግ አይችልም። ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር በእግር ሲሄድ ብቻ ሦስት አራት ቋንቋ ይዘፈንለታል።

ከዓሊ ቢራ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። ድሬዳዋ ነው የተወለደው። በ1950ዎቹ እዚሁ ከተማ በተመሠረተው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ መድረክ ላይ ሲወጣ ገና ልጅ ነበር። «ቢራ ዳ በሪኤ» ብሎ ዘፈነ፤ ከዚያ ቢራ ስሙ ሆኖ ቀረ። በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአረብኛም ዘፍኗል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረው ድሬዳዋ ነው። ከዘፈኑ ስም ያገኘ ልጅ! እንዲህ ያለ እውነተኛ ሕይወት ደጃችሁ ላይ እያለ ባለታሪካችሁ የሩቅ አገር ዘፋኝ ብቻ እያዳመጠ ቢያድግ ይቆጨኛል። ማዳመጡ ክፋት የለውም። ግን ጎረቤቱ ምን ይሰማል?

ሸጎዬንም አትርሱ። የሐረርጌ ኦሮሞ ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመው በድምፃቸው እየተቀባበሉ የሚጨፍሩት ነው። ወንድና ሴት የሚተያዩት፣ የሚመራረጡት እዚያ ነው። ሰው ሁሉ እያየ፣ በግልጽ። የከተማው ልጅ ግን ለማየት እንኳን ጥግ ይፈልጋል። ከገጠር ዘመዶቹ ጋ ለሠርግ ሄዶ ሸጎዬ መሃል የገባ የከዚራ ልጅ ብትጽፉ፣ እግሩን የት እንደሚያደርግ ሲጠፋው ብዙ ነገር ሳትናገሩ ትናገራላችሁ።

የሶማሌው በልዎ ደግሞ የሹፌር ዘፈን ነው። በ1930ዎቹ አብዲ ሲኒሞ የተባለ የጭነት መኪና ሹፌር ጀመረው። መኪናው ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ሲቀር እንደዘፈነው ይነገራል። ኋላ በዑድ የሚታጀበው ቀራሚ ከዚያ መጣ። ሁለቱም የፍቅር ናቸው። ድሬ የሹፌርና የነጋዴ ከተማ ናት። ጅቡቲ ሄዶ የሚመለስ አባት ያለው ባለታሪክ ካላችሁ ይህ ሙዚቃ በመኪናው መስኮት ነው የሚገባላችሁ።

የሐረሪ ሠርግ ላይ ከረቡ የሚባለው ከበሮና ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ይሰማሉ። የአማርኛው ትዝታ አለ። ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 በእግር የሚጓዘው ሕዝብ የሚዘምረው አለ። ሁሉንም አታስገቡ። ሁለት ምረጡ። አንዱ ባለታሪኩ ቤት የሚሰማው ይሁን፤ ሌላው ከቤት ውጭ ያገኘው። ግጭቱ እዚያ መሃል ራሱ ይመጣል።

መሣሪያ መጫወት አልችልም። ስለ ሙዚቀኛ መጻፍ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ግን የሚጫወት ሰው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ እጁን ማየት አለባችሁ። ዝም ብሎ «ክራሩን በስሜት ተጫወተ» ማለት ምንም አያሳይም።

ክራርን እንይ። ክሮቹ አምስት ወይም ስድስት ናቸው። ላይ ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ፤ ማጥበቅም ማላላትም እዚያ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ ክሮቹ እንደገና ይቃኛሉ። በጣም የምወደው ነገር ግን ክራር ሲገረፍ የግራ እጅ የሚሠራው ሥራ ነው። ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይገርፋል። የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ይይዛሉ። የተፈለገውን ይለቁታል። የሚሰማው የተለቀቀው ነው። ሌላው ተይዟል።

ይህን ያወቀ ደራሲ ስለ አንዲት ወጣት ፍላጎት ለመጻፍ ሌላ ነገር መፈለግ የለበትም። ክራር ስትለማመድ ብቻ ያሳየን። መጀመሪያ ሁሉንም ክር ትይዛለች፤ ድምፅ አይወጣም። ከዚያ ሁሉንም ትለቃለች፤ ጫጫታ ይሆናል። የቱን ይዛ የቱን እንደምትለቅ ለማወቅ ወራት ይፈጅባታል። ጣቷ ጫፍ ላይ ቆዳው ይደድራል። እናቷ እጇን ይዛ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት ትደብቃለች።

ዑድ ከመረጣችሁ ደግሞ አንገቱ ላይ እንደ ጊታር መከፋፈያ እንደሌለው አስተውሉ። ጣት ትንሽ ከሳተ ድምፁ ይስታል። የሚመራው ጆሮ ብቻ ነው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ፈተና ነው፤ ለልቦለድ ደግሞ ትልቅ ስጦታ።

ታሪኩን በየትኛው ዘመን ላድርገው?

የምታውቁት ወይም ጠይቃችሁ ልታውቁት የምትችሉት ዘመን ይሁን። ዘመኑን ስትመርጡ አንድ ነገር አስቡ። ሙዚቃው ከሰው ወደ ሰው እንዴት ነው የሚያልፈው?

በካሴት ዘመን ከሆነ ካሴት በእጅ ይሰጣል። በእጅ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ሰበብ ነው። «ካሴቱን ልመልስ» ብሎ ማንም ሰው ቤት መሄድ ይቻላል። ክሩ ሲወጣ በቢክ እስክሪፕቶ ይጠመጠማል። ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ ቀስ ይላል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበረ፤ ሙዚቃ ቤት ያመሸ ሰው ወደ ቤቱ መመለሻ ያጣ ነበር። ለፍቅር ታሪክ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም።

በሜሞሪ ካርድ ዘመን ዘፈን በሱቅ ይጫናል። ጫኙ ልጅ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ምርጫ ያውቃል። ማን ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ ሰው ማለት የብዙ ሰው ምሥጢር የያዘ ሰው ነው። እስካሁን ይህን ባለታሪክ አድርጎ የላከልኝ የለም። በጣም እጠብቀዋለሁ።

አሁን ከሆነ ሁሉም በጆሮ ማዳመጫ ነው። ያኔ የምትጽፉት ስለ ብቸኝነት ይሆናል። አንዱን ጆሮ ለሌላ ሰው መስጠት ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ስለ ከተማውም ተጠንቀቁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ወስዷል። ታሪካችሁ ያን ዓመት የሚያካትት ከሆነ ዝም ብላችሁ ልታልፉት አትችሉም። የሞተበት ሰው አሁንም ከተማው ውስጥ ስላለ ለማስለቀሻ ብቻ ብላችሁም አታስገቡት። ባቡርም እንዲሁ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ነው፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ባለታሪካችሁ በ2010 አዲሱን ባቡር ከከዚራው የድሮ ጣቢያ ተሳፍሮ ቢሄድ የድሬ አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ይዘጋዋል።

ስለ ገላ ምን ያህል ልጻፍ?

መጀመሪያ ባለታሪኩ ስንት ዓመቱ ነው? ከ18 በታች ያለ ሰው በሕጋችን ልጅ ነው፤ የወንጀል ሕጉም ይጠብቀዋል። የልጅነቱን ግራ መጋባት፣ ማፈር፣ የልብ መምታት ጻፉ። እሱ የእድገት ታሪክ ነው። አልጋ ላይ ግን ልጅ አታስገቡ። እኔ በዚህ አልደራደርም። ገላ የሚታይበት ትዕይንት ካለ ሰዎቹ አዋቂዎች ይሁኑ። ሃያ ዓመትም ሃያ ሁለትም ለመብሰል አይረፍድም። እኛ አገር ብዙ ሰው ስለ ራሱ ማወቅ የሚጀምረው በዚያ ዕድሜ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ምን ያህል» ሳይሆን «ለምን» ነው። ብዙ ወጣት የገላን ነገር የሚማረው ጓደኛው ከላከለት ቪዲዮ ነው። እዚያ ውስጥ ማፈር የለም። መጠየቅ የለም። መሳቅ የለም። «ይሄ ይከፋሻል?» የሚል ሰው የለም። ልቦለድ ሊሰጥ የሚችለው ይህን የጎደለውን ነው። መንቀጥቀጡን፣ አለማወቁን፣ ቁልፍ አልፈታ ማለቱን፣ ከውጭ የሰው ኮቴ ሲሰማ ሁለቱም ትንፋሻቸውን መያዛቸውን ጻፉ። የዝርዝሩ ብዛት አንባቢን አያሳምነውም። እውነቱ ነው የሚያሳምነው።

ሌላ ነገር። «እምቢ ማለቷ እሺ ማለቷ ነው» የሚል ሐሳብ በዘፈኖቻችንም በጨዋታችንም ውስጥ ሞልቷል። ረቂቆች ውስጥም ሳይታሰብበት ይገባል። ልጅቷ ሦስት ጊዜ እምቢ ትላለች፤ በአራተኛው ትወደዋለች። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። እምቢ ስትል እምቢ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማና ሲቀበል ብትጽፉት ከብዙ የፍቅር ትዕይንት በላይ አንድ ሰው ሲበስል አሳያችሁ።

ባለታሪኳ ሴት ብትሆን ምን ይለወጣል?

ብዙ ነገር። ወንድ ልጅ ጊታር ይዞ ሲወጣ «ሥራ ፈት» ይባላል። ሴት ልጅ ማይክ ስትይዝ የሚባለው ከዚህ በጣም ይከብዳል። ዘፋኝነት በአዝማሪ ላይ የነበረውን ንቀት እስካሁን ተሸክሟል፤ ለሴት ሲሆን እጥፍ ነው። ስለዚህ ገና አንድ ሰው ሳትወድ፣ ዘፈን በመውደዷ ብቻ ሰፈሩ ገላዋን ማማት ይጀምራል። ሙዚቃውና የሴትነቷ ነገር አንድ ላይ የሚመጣው በእሷ ፈቃድ አይደለም፤ ሰው ነው የሚያጣብቅባት። ይህ በወንድ ባለታሪክ ላይ የማይገኝ ጥልቅ ነገር ነው።

የት ነው የምትለማመደው? ይህን አስቡበት። የድሬ ሙቀት ከቀትር በኋላ ከተማውን ያስተኛዋል። ሱቅ ይዘጋል። ወንዶቹ ጫት ይዘው በርጫ ላይ ይቀመጣሉ። ያ ሰዓት የእሷ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ተኝቶ፣ እሷ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ ትዘፍናለች። ድምፅ ሳያወጡ ከፍ ያለ ዜማ መዘመር እንዴት ያለ ነገር ነው? ሞክሩት፤ ጉሮሮ ያማል።

አንድ ልመና አለኝ። ከሚላኩልኝ ረቂቆች በብዙዎቹ ውስጥ ልጅቷ የምትፈልገውን ነገር ባወቀች ማግሥት ትቀጣለች። ታረግዛለች፣ ትሸሻለች፣ ትሞታለች። ጸሐፊዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ታሪክ እንዲህ ነው የሚያልቀው ተብለው ስላደጉ ነው። አንድ ጊዜ እንኳን በሕይወት ትቆይ። ተሳስታ ትማር፣ ትናደድ፣ በማግሥቱ ልምምድ ትሂድ።

ፍቅሩ ለተመሳሳይ ፆታ ከሆነስ?

ይህ ጥያቄ የሚመጣልኝ በግል ነው፤ ብዙ ጊዜ ስም ሳይኖረው። በግልጽ ልመልስ። በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል። ሕብረተሰቡም ጠንካራ አቋም አለው። አሳታሚ እምቢ ሊላችሁ ይችላል፤ ቤተሰብ ሊያዝን፣ ሰው ሊያስፈራራ ይችላል። ለመጻፍ ከመወሰናችሁ በፊት የራሳችሁን ደህንነት አስቡ። ለሌላ ሰው ብርታት ብላችሁ ራሳችሁን አታጋልጡ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ሥነ ጽሑፍ ሥራው የሰውን ልብ ማየት ነው ብዬ አምናለሁ። ልቡ ከሌላው የተለየበት ልጅ ድሬም አለ። ብቻውን ነው። ማንንም መጠየቅ አይችልም። እንዲህ ያለ ሰው በልቦለድ ውስጥ ሲገባ ማሾፊያ ወይም ማስፈራሪያ ብቻ ሲሆን ያሳዝነኛል። ከጻፋችሁት ሰው አድርጋችሁ ጻፉት።

ሙዚቃ እዚህ ላይ የሚሠራውን ሥራ ሌላ ነገር አይሠራውም። አማርኛችን «አንተ» እና «አንቺ» ሳይል ፍቅር መናገር አይሆንለትም። ግን አንድ ወጣት የሴት ዘፋኝ ዘፈን አብሯት ሲዘፍን «አንተ» ይላል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሳህን እያጠበ፣ እህቶቹ አጠገቡ ሆነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍነዋል። ሌሎቹ ዘፈኑን እየሰሙ ነው። እሱ ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ጮክ ብሎ እየተናገረ ነው።

እውነተኛ ሰው ግን በፍጹም አትጠቁሙ። ሰፈሩን፣ ሥራውን፣ መልኩን ሁሉ ለውጡ። በዚህ ጉዳይ ላይ በስህተት የተገለጠ ሰው ሕይወቱ ሊበላሽ ይችላል።

ቤተሰቡ ሃይማኖተኛ ነው። እንዴት ልያዘው?

በአክብሮት። ሼሁን ወይም ቄሱን ክፉ ሰው ማድረግ ቀላል ነው፤ ታሪኩን ግን ያሳንሰዋል። ልጁ ራሱ የሚያምን ከሆነ ትግሉ ከውስጥ ነው። መንዙማ ሰምቶ ያለቀሰ ጆሮ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የመታ እጅ፣ ያ ነው ሙዚቃ ያስተማረው። ያሳደገውን ድምፅ ትቶ ሊወጣ አይችልም።

የታወቀ ዘፈን ግጥም መጽሐፌ ውስጥ ማስገባት እችላለሁ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥም ደራሲውን ይጠብቃል፤ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ሙሉ ግጥም ማስገባት ከፈለጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ግን ለምን? ባለታሪካችሁ ዘፋኝ ከሆነ የራሱ ግጥም ይኑረው። ሁለት መስመር ይበቃል። ለምሳሌ የባቡር ሠራተኛ ልጅ እንዲህ ሊል ይችላል፦

ባቡሩ አለፈና ሀዲዱ ብቻ ቀረ፣
ልቤም እንደሱ ነው ተዘርግቶ አደረ።

ቤት ይምታ፣ ግን ልጁ የሚያውቀው ነገር ውስጥ ይሁን። የማያውቀውን ጽጌረዳ አታስገቡበት።

አነጋገሩ እንዴት ይሁን? ድሬዎች ቋንቋ ይቀላቅላሉ።

እንደሚናገሩት ይናገሩ። «አቦ» ይበሉ፣ «ወላሂ» ይበሉ፣ መሃል ላይ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይግባ። በቅንፍ አትተርጉሙ። የጎንደር አንባቢ ከአውዱ ይረዳል፤ ካልተረዳም ትንሽ እንግድነት አይጎዳውም። አተራረኩ ግን ንጹሕ አማርኛ ይሁን። አለበለዚያ ማን እየተናገረ እንደሆነ አይለይም። እናትን «አንቺ» የሚል ቤተሰብና «እርስዎ» የሚል ቤተሰብ መኖሩንም ልብ በሉ፤ ስለ ቤቱ ብዙ ይናገራል።

ሰዎች «ይሄ እገሌ ነው» ቢሉኝስ?

ይላሉ። ድሬ ሰው ይተዋወቃል። ታሪኩ ባይሆንም ይላሉ። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ሁለት ሦስት ሰው ቀላቅሎ አንድ ሰው መሥራት ነው። መሣሪያውን ለውጡ፣ የእናቱን ሥራ ለውጡ፣ የፍቅሩን ታሪክ ከሌላ ቦታ አምጡ። አንድ ሰው ያመናችሁን ምሥጢር ከተጠቀማችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት። «እምቢ» ካለ አውጡት። መጽሐፍ ጓደኛ አይተካም።

ማሳተም ይቻላል? ሳንሱር አለ?

ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ከልክሎታል። አስቸጋሪው ገንዘቡ ነው። የወረቀት ዋጋ ተወድዷል። ብዙ ጊዜ ማተሚያ ቤቱን የሚከፍለው ደራሲው ነው፤ ከዚያ አከፋፋዩ ድርሻውን ይወስዳል። አንዳንዶቹ በቴሌግራም ምዕራፍ በምዕራፍ ያስነብባሉ። ስለ ሙዚቃ ለሚተርክ ልቦለድ በድምፅ የተተረከ ቅጂም በጣም ይስማማዋል።

መጨረሻ ላይ ባለታሪኩ ዝነኛ መሆን አለበት?

የለበትም። አብዛኛው ሙዚቀኛ ዝነኛ አይሆንም። ሠርግ ይጫወታል፣ ሆቴል ይጫወታል፣ ሌላ ሥራ ይሠራል። ስለ ራሱ የሚያውቀውን ነገር ለማወቅ ሕዝብ ማጨብጨብ አያስፈልገውም። እንዲያውም አዲስ አበባ ሄዶ አልበም አውጥቶ የሚያልቅ ታሪክ ሳነብ ዋናውን ጥያቄ የሸሸ ይመስለኛል። ይህ ሰው አሁን የሚፈልገውን ያውቃል ወይ? የሚያውቀውንስ ለአንድ ሰው መናገር ቻለ?

ረቂቁን ማን ያንብብልኝ?

ሦስት ዓይነት ሰው ፈልጉ። አንዱ ሙዚቀኛ ይሁን። መሣሪያ ላይ የሳታችሁትን ሲነግራችሁ አትከራከሩ፤ ዝም ብላችሁ አርሙ። ሁለተኛው ከባለታሪካችሁ ጋር አንድ ፆታ ያለው፣ እናንተ ግን ያልሆናችሁት ይሁን። ወንድ ሆናችሁ ስለ ሴት ከጻፋችሁ ሴት ታንብበው፤ «እዚህ ጋ እንዲህ አናስብም» ስትል ስሟት። ሦስተኛው ከእናንተ በዕድሜ በጣም የሚበልጥ የድሬ ሰው ይሁን። ዓይኑ ከደከመ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። የገላው ትዕይንት ጋ ስትደርሱ ድምፃችሁ ካነሰ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንዳነሰ ምልክት አድርጉ። ቤት ስትገቡ መጀመሪያ እሱን እንደገና ጻፉት።